የሚመርጠው በዶላር፣ የሚሠራው በብር

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2026 መጀመሪያ ላይ አዶቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «አኒሜት» የተሰኘውን የአኒሜሽን ሶፍትዌር ከማርች 1 ጀምሮ መሸጥ እንደሚያቆም ለደንበኞቹ አስታወቀ። የተጠቃሚዎች ተቃውሞ ሲበረታም ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሐሳቡን ለውጦ፣ ሶፍትዌሩ ባለበት እንደሚቆይ፣ ብልሽቱ እንደሚጠገንለት፣ አዲስ አገልግሎት ግን እንደማይጨመርለት ገለጸ። ብዙዎች ነገሩ በዚህ አበቃ ብለው እፎይ አሉ። እፎይታው ግን ያለ ቦታው ነው። አንድ የሥራ መሣሪያ በአንድ ማስታወቂያ ሞቶ በሌላ ማስታወቂያ የሚነሣ ከሆነ፣ በእርሱ የተሠራው ሥራ ሁሉ በሌላ ወገን ፈቃድ የሚኖር መሆኑ ታይቷልና።

በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ቀን በመሥሪያ ቤት እየዋሉ፣ ማታና ቅዳሜ ለልጆች የሚሆን የአማርኛ ተከታታይ አኒሜሽን አዘጋጅተው በዩቲዩብ ማሰራጨት ለሚሹ ኢትዮጵያውያን ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እንዲህ ያለ ቡድን ሥራውን ሊጀምር ሲል ወይም የያዘው መሣሪያ ሲያስቸግረው የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት» የሚል ነው። ጥያቄው የጎደለው ነገር አለ። ለማን ነው የሚሻለው? ሶፍትዌሩን የሚመርጠው ሰው ደመወዙን በዶላር የሚቀበል ነው፤ ሶፍትዌሩን ከጠዋት እስከ ማታ የሚጠቀምበት ሠዓሊ ደግሞ በብዙ አጋጣሚ አዲስ አበባ ተቀምጦ በብር የሚኖር ነው። የሁለቱ ሒሳብ አይገጥምም። ምርጫው በመራጩ ሒሳብ ብቻ እስከተደረገ ድረስ ደግሞ ስሕተቱ ይደጋገማል።

ፍላጎቱ አለ

የዋሽንግተን አካባቢ የመንግሥት ተቋማት አማርኛ የነዋሪዎቻቸው ቋንቋ መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል። የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶችም ሆኑ የአሌክሳንድሪያ ከተማ ትምህርት ቤቶች ለወላጆች በአማርኛ ደብዳቤ ይልካሉ። ይሁን እንጂ ደብዳቤው የሚደርሰው ለወላጅ ነው። ልጁ ወደ ቤት ሲመለስ በአማርኛ የሚያየው፣ የሚስቅበትና ደጋግሞ የሚጠይቀው ታሪክ ያስፈልገዋል። ቋንቋ በሕግ ይከበራል፤ በልጅ አፍ የሚቀመጠው ግን በጨዋታ ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ በውድ መሣሪያ እንደማይወሰን የሀገር ውስጥ ምሳሌ ያሳያል። ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር በ2005 አዲስ አበባ ላይ ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሠረተች። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅታቸው በአንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊት ተጀምሮ በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ኋላም ያው ድርጅት «ጥበብ ገርልስ» ወደተባለው አኒሜሽን ተሻገረ። ታሪኩ፣ ድምፁና የልጁ ፍቅር ቀድመው መጡ፤ ቴክኒኩ ተከትሎ ተለወጠ።

ሁለት ዓይነት ሒሳብ

በሴኮንድ 24 ፍሬም የሚቆጠርበት አንድ የ10 ደቂቃ ክፍል 14,400 ፍሬሞች አሉት። እያንዳንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም እንዲቆይ ቢደረግ እንኳ 7,200 ሥዕል ይሆናል። አነስተኛ ቡድኖች ይህን ሁሉ በእጅ ስለማይችሉት፣ ገጸ ባሕርዩን ክንዱን፣ እግሩንና አንገቱን ለያይተው እንደ አሻንጉሊት በመገጣጠሚያ ያያይዙታል፤ ባለሙያዎች «ሪግ» የሚሉት ይህ ነው። አንዴ በደንብ የተሠራ ሪግ ለ20 ክፍል ያገለግላል። የተከታታይ አኒሜሽን እውነተኛው ካፒታል እንግዲህ ሪጉና የጊዜ ሰሌዳው ናቸው፤ ከአንድ ሶፍትዌር ወደ ሌላ እንደ ልብ የማይተላለፉትም እነዚሁ ናቸው። ካርል ሻፒሮና ሃል ቫሪያን በ1999 ባሳተሙት «ኢንፎርሜሽን ሩልስ» እንዳስረዱት፣ ሻጩ ከነባር ደንበኛው ሊያገኝ የሚችለው ጥቅም ደንበኛው ለመውጣት ከሚከፍለው ወጪ ጋር የተያያዘ ነው። መውጫው በጠበበ ቁጥር ኪራዩ ይወደዳል።

ለማስላት ያህል፣ አምስት ሠራተኞች ያሉት ቡድን ይታሰብ። የአዶቢ ሙሉ ጥቅል በአሜሪካ ዋጋ ለአንድ ሰው በወር 70 ዶላር ያህል ነው። ለአምስት ሰው በዓመት 4,200፣ በአምስት ዓመት 21,000 ዶላር ይሆናል። ወደ ሌላ ሶፍትዌር መሸጋገር ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የሁለት ወር ልምምድ ቢጠይቅ ለአምስቱ ዐሥር የሥራ ወር ማለት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው መራጭ ይህን ጊዜ በራሱ ገበያ፣ በወር 5,000 ዶላር ቢያሰላው ሽግግሩ 50,000 ዶላር ያስወጣል፤ ለ21,000 ብሎ 50,000 የሚያወጣ ደግሞ የለም። ስለዚህ «ባለንበት እንቀጥል» ይላል፤ በራሱ ሒሳብም ልክ ነው።

ልምምዱን የሚያደርገው ግን እርሱ አይደለም። ሠዓሊዎቹ አዲስ አበባ ቢሆኑና ለአንድ ሰው የሚከፈለው በወር 400 ዶላር ቢሆን፣ ያው ዐሥር የሥራ ወር 4,000 ዶላር ይሆናል። በዚህ ሒሳብ ሽግግሩ አንድ ዓመት ሳይሞላ ወጪውን ይመልሳል። መሣሪያው አንድ፣ ሥራው አንድ፣ ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ልዩነቱን የፈጠረው ጊዜው በማን ደመወዝ ተለካ የሚለው ነው። ወጪውን የሚያስበው ሌላ፣ ሸክሙን የሚሸከመው ሌላ በሆነበት ቦታ የተሳሳተ ምርጫ መደረጉ አያስገርምም፤ ምርጫውን የሙያ ደረጃ ጥያቄ ብሎ መሸፋፈን ግን ተገቢ አይደለም።

የብሩ ዋጋም ሊዘነጋ አይችልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ 70 ዶላር 4,000 ብር ገደማ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሲሆን፣ ያው ክፍያ ከ9,100 ብር በላይ ሆነ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው አዲስ የመንግሥት ሠራተኛ የተወሰነው የመነሻ ደመወዝ 11,500 ብር መሆኑ ከዚህ ጎን ሲቀመጥ፣ ይህ የመሣሪያ ኪራይ ለአዲስ አበባ ወጣት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በተግባር የሚሆነውም ይታወቃል። ዋናው ፈቃድ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ አዲስ አበባ ያሉት ክራክ በተደረገ ሶፍትዌር ይሠራሉ። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ሕግ የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የቦርድ አባላት ይህን አይተው እንዳላዩ ሲያልፉ፣ ወጪውን አልቀነሱም፤ ወደ ሠዓሊው አሻግረውታል፤ በራሳቸውም ላይ የሕግ ተጠያቂነትን ጠርተዋል። ሥራው ተወዶ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊገዛው ወይም ለጋሽ ሊደግፈው በመጣ ቀን የፈቃድ ማስረጃ ይጠየቃል። ያን ጊዜ የሚቀርበው ወረቀት የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ፈቃድ የሰጠ ይነሣል

በ2013 አዶቢ ዋና ዋና ሶፍትዌሮቹን አንዴ ተገዝተው ለዘለቄታው በሚያዙበት መንገድ መሸጡን ትቶ ወደ ወርኃዊ ክፍያ እንደሚዞር አስታወቀ። በጁን 2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ውል ቀድሞ ለማቋረጥ የሚጠየቀውን ክፍያ ከደንበኞች ሰውሯል በማለት ኩባንያውን ከሰሰ። እነዚህ የሸማች ጉዳዮች ናቸው። በሁለት ሀገሮች መካከል ለሚሠራ ቡድን ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ።

በኦክቶበር 2019 አዶቢ፣ የአሜሪካ መንግሥት በቬኔዙዌላ ላይ ባወጣው የማዕቀብ ትእዛዝ ምክንያት፣ በዚያች ሀገር ያሉትን የደንበኞች አካውንቶች ሁሉ እንደሚዘጋ አስታወቀ። በመጨረሻው ሰዓት ከመንግሥት ፈቃድ አግኝቶ አገልግሎቱን ቀጠለ። የካራካስ ሠዓሊ በፖለቲካው ውስጥ እጁ ይኑርም አይኑር፣ ለሳምንታት የራሱን ሥራ መክፈት ይችል እንደሆነ ሳያውቅ ቆየ። ኢትዮጵያም ከዚህ ዓለም ውጪ አይደለችም። በሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 የሰሜኑን ጦርነት ምክንያት በማድረግ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቁጥር 14046 የተሰኘውን የማዕቀብ ትእዛዝ ፈርመዋል። ትእዛዙ በተወሰኑ ሰዎችና አካላት ላይ ያነጣጠረ እንጂ በሕዝቡ ላይ የተጣለ አልነበረም። ነገር ግን የዋሽንግተን ነዋሪ ከማንም ይልቅ እንደሚያውቀው፣ ከአነጣጠረ ማዕቀብ እስከ ሰፊ ማዕቀብ ያለው ርቀት በአንድ ፊርማ ይታለፋል።

ከዚህ በኩል ያለው አደጋ በሩቅ የሚታይ ቢሆን፣ ከዚያ በኩል ያለው በተደጋጋሚ የደረሰ ነው። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጧል። በትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ የነበረው መቋረጥ በዓመታት ይቆጠራል፤ በአማራ ክልልም ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። ፈቃዱ እንዳልተቋረጠ ለማረጋገጥ በየጊዜው ኢንተርኔት የሚጠይቅ ሶፍትዌር እንዲህ ባለ ሀገር ለሚሠራ ሰው የተሠራ አይደለም። አንዴ ከተጫነ በኋላ መስመር ቢኖርም ባይኖርም የሚከፈት ሶፍትዌር ለአሌክሳንድሪያ ነዋሪ ትንሽ ምቾት ነው፤ ለባሕር ዳር ወጣት የእንጀራ ጉዳይ ነው።

የማይከፈቱ ፋይሎች

የአኒሜት ቀዳሚ የሆነው ፍላሽ የዚህ ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነበር። የዌብ ካርቱን ያበበው በፍላሽ ነው። አዶቢ በዲሴምበር 31 ቀን 2020 የፍላሽ ማጫወቻን ድጋፍ አቆመ፤ በጃንዋሪ 12 ቀን 2021 ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ፋይሎቹን መክፈት እንዲያቆም አደረገ። የብዙ ሺህ ሰዎች የዓመታት ሥራ በአሳሾች ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ቀረ። ከሞት የተረፈው፣ በጎ ፈቃደኞች «ራፍል» የተባለውን ነፃ ማጫወቻ ስለሠሩና የኢንተርኔት አርካይቭ ሥራዎቹን ሰብስቦ ስለታደጋቸው ነው።

የአማርኛ ጸሐፊ ይህን ሐዘን ከፍላሽ በፊት ያውቀዋል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌር ፊደላቱን በራሱ መንገድ ይቆጥር ነበር። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም አልባ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ክምር ሆኖ ይታያል። ስንት ቃለ ጉባኤ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍና ስንት የማኅበር ታሪክ በዚህ መንገድ እንደ ቀለጠ የሚቆጥር የለም። ያን ዘመን ያለፈ ማኅበረሰብ ለልጆቹ የሚሠራውን ሥራ እንደገና በአንድ ሻጭ ብቻ በሚከፈት ፋይል ቢያስቀምጥ ባለማወቅ ነው ሊባል አይችልም። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ በተከራዩት ሣጥን የተቀመጠ ቅርስም ቅርስ አይባልም።

የጥራት ሙግት

ነፃ ሶፍትዌርን የሚያጣጥሉ ሰዎች ጠንካራው መከራከሪያቸው ጥራት ነው። በከፊል እውነት አላቸው። በሞንትሪያሉ ቱን ቡም የሚሠራው «ሐርመኒ» ባለ ሁለት ገጽታ ሪግ ለመሥራት እጅግ የበሰለ መሣሪያ ነው፤ ትልልቅ ስቱዲዮዎች የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልቅ ስቱዲዮ ግን መሐንዲስ፣ ጠበቃና የመጠባበቂያ በጀት አለው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በአንድ ሳሎን የሚሰበሰብ ቡድን ከእነዚህ አንዱም የለውም።

በማርች 2025 የኦስካር ሽልማትን በረጅም አኒሜሽን ዘርፍ ያሸነፈው «ፍሎው» የተሰኘው የላትቪያ ፊልም የተሠራው ብሌንደር በተባለው ነፃ ሶፍትዌር ነው፤ በጀቱም 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ያህል ነበር። ዳይሬክተሩ ጊንትስ ዚልባሎዲስ የቀደመ ፊልሙን «አዌይ»ን ብቻውን የሠራው በሌላ፣ በሚከፈልበት ሶፍትዌር ነበር። ያን ከጨረሰ በኋላ በ2019 ብሌንደርን ተማረ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወሰዳል። አንደኛው፣ «ነፃ ስለሆነ ደካማ ነው» የሚለው ሙግት ማብቃቱ ነው። ሁለተኛው፣ መሣሪያ የሚለወጥበት ጊዜ በሁለት ሥራዎች መካከል መሆኑ ነው።

ብሌንደር ራሱ የተወለደበት መንገድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። በ2002 ሶፍትዌሩን የሠራው ኩባንያ ሲዘጋ፣ ቶን ሮዘንዳል የተባለው መሥራቹ ከባለሀብቶቹ ላይ ለመግዛት 100,000 ዩሮ ከተጠቃሚዎች ጠየቀ፤ ገንዘቡ በሰባት ሳምንት ተሟላ፤ ሶፍትዌሩም ከዚያ በኋላ ማንም ሊዘጋው በማይችል ፈቃድ ለሕዝብ ተለቀቀ። ስሙ ባይባልም ይህ ደቦ ነው።

መቼና እንዴት

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አንድ ምዕራፍ አጋምሶ መሣሪያ የሚለውጥ ቡድን ሁለቱንም ያጣል። የተጀመረው ምዕራፍ በተጀመረበት መሣሪያ ይለቅ፤ ከዚያ በፊትም አዲሱ መሣሪያ በአንድ የሁለት ደቂቃ አጭር ሥራ ይፈተን። ድርሰቱ በዩኒኮድ ጽሑፍ፣ ድምፁ በዌቭ ፋይል፣ የገጸ ባሕርያቱ ሥዕል ተለያይቶ በፒኤንጂ ወይም በኤስቪጂ፣ ያለቀው ክፍልም ከቪዲዮው በተጨማሪ ፍሬም በፍሬም ይቀመጥ። ሪጉ ምናልባት እንደገና ይሠራል፤ ይህ ወጪ በግልጽ በበጀት ይያዝ። ነፃ ሶፍትዌር ወጪ የለውም የሚል ሰው የሌላውን ድካም ያልቆጠረ ነው። ልዩነቱ ወጪው አንዴ የሚከፈልና በሠራተኛው እጅ እውቀት ሆኖ የሚቀር መሆኑ ላይ ነው።

የተረፈው ገንዘብ የት ይሂድ የሚለውም መልስ አለው። በአኒሜሽን አድካሚ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ የገጸ ባሕርዩን አፍ ከንግግሩ ጋር ማስማማት ነው። «ሩባርብ ሊፕ ሲንክ» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ድምፅ ሰምቶ የአፍ ቅርጽ ይመርጣል፤ ቃላትን ለይቶ የሚያውቀው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ለሌላው ቋንቋ በደፈናው በድምፅ ግምት ይሠራል። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ካዕብና ሳብዕ ከንፈርን ያሞጠሙጣሉ፤ ራብዕ አፍን ይከፍታል፤ ሣልስና ኃምስ ከንፈርን ወደ ጎን ይስባሉ፤ በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ከንፈርን ያስገጥማሉ። የተጻፈ የአማርኛ ድርሰት በአብዛኛው የአፍ ቅርጽ መመሪያ ነው። የሚጎድለው ሳድሱ መቼ አናባቢ እንዳለው መለየትና በጽሑፍ የማይታየውን ጥብቀት መጨመር ነው፤ «ገና» ሲላላና ሲጠብቅ ትርጉሙም ቆይታውም ይለያያልና። ይህ ለአንድ ጎበዝ የፕሮግራም ባለሙያና ለአንድ የቋንቋ ምሁር የጥቂት ወራት ሥራ ነው፤ እንዲህ ያሉ ባለሙያዎች በዋሽንግተን አካባቢ አይታጡም። የአምስት ቡድኖች የአንድ ዓመት ኪራይ ከላይ በተቀመጠው ስሌት 21,000 ዶላር ነው። ለሻጭ ቢከፈል በዓመቱ መጨረሻ ምንም አያስቀርም። እንዲህ ላለ የጋራ መሣሪያ ቢውል ግን ከአዲስ አበባ እስከ አሌክሳንድሪያ ያለ ሠዓሊ ሁሉ ይጠቀምበታል፤ ትግርኛም በዚያው ፊደል ይከተላል።

ገንዘብ ለሚሰጡ

የዲያስፖራ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና ግለሰብ ለጋሾች ለልጆች ዝግጅት ገንዘብ ሲሰጡ የክፍሎቹን ብዛትና የተመልካቹን ቁጥር ይጠይቃሉ። የምንጭ ፋይሎቹ በማን እጅ፣ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀመጡ ሲጠየቅ አይሰማም። ይህ ሊለወጥ ይገባል። ድጋፍ የሚያገኝ ሥራ ሁሉ ያለ ማንም ሻጭ ፈቃድ የሚከፈት ቅጂውን በሁለት ሀገር እንዲያስቀምጥ፣ ለሠዓሊዎቹ በሕግ የተያዘ መሣሪያ እንዲያቀርብና የሽግግር ልምምዱን እንደ ደመወዝ እንዲከፍል በውሉ ይጻፍ። ሦስቱም የሚያስወጡት ገንዘብ ከአንድ የበዓል ዝግጅት አዳራሽ ኪራይ እምብዛም አይበልጥም።

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ በአማርኛ ካርቱን የሚስቅ የአራት ዓመት ልጅ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ ከፍቶ፣ ገጸ ባሕርዩን አድሶ፣ ለራሱ ልጅ አዲስ ክፍል ሊሠራበት መቻል አለበት። ይህን የሚወስነው ዛሬ ማታ ሶፍትዌር ለመምረጥ የሚሰበሰበው ቡድን ነው። በስብሰባውም የአዲስ አበባው ሠዓሊ ድምፅ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ እስክሪብቶው በእርሱ እጅ ነውና።